ማን ይጠግነዋል?
(በድሬዳዋ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር)

በዚህ ሙቀት ከንግግሬ ይልቅ የአዳራሹ ማራገቢያ እንደሳባችሁ ባውቅም አልቀየምም።

ድሬዳዋ የዳገት ልጅ ናት። በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ፣ የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ነበር። ሥራው በ1890 ተጀመረ። መሐንዲሶቹ ግን ቀና ብለው የሐረርን ተራራ አዩ፣ ቁጭ ብለው ወጪውን አሰሉ፣ ከዚያም ሐዲዱን በተራራው ግርጌ ለማሳለፍ ወሰኑ። በታኅሣሥ 1895 ባቡሩ እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰና ከተማ ተቆረቆረ፤ ስሙም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። የነባሯ ሐረር ሰዎች በዚህ ምን እንዳሉ ባላውቅም መገመት አያዳግተኝም።

ቀጥሎ የሆነውን ግን ብዙ ሰው አያነሣውም። ሐዲዱን የዘረጋው ኩባንያ ገንዘብ አለቀበትና ከሰረ። ባቡሩ ድሬ ላይ ለዓመታት ቆሞ ቀረ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ዕቃ ከዚህ በኋላ በግመልና በበቅሎ ነበር የሚጓዘው። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ከፈቃዱ እስከ ፍጻሜው 23 ዓመት መሆኑ ነው። በዚህ መካከል ፈረንሣይና እንግሊዝ ተጨቃጭቀውበታል፣ ባለአክሲዮኖች ተካስሰውበታል፣ ምኒልክም ፍጻሜውን ሳያዩ ዐርፈዋል።

የዛሬው ርዕሳችን «ዘላቂ ትራንስፖርትና የኢኮኖሚ ልማት» ይላል። «ዘላቂ» የሚለው ቃል በየሪፖርቱና በየስብሰባው ሲንከላወስ ከርሞ ጣዕሙ ጠፍቶበታል። እናቶቻችን ሲናገሩት ግን ጥርት ያለ ትርጉም አለው። «ይህ እህል ክረምቱን ይዘልቃል?» ይላሉ ጎተራውን እያዩ። «ይህ ጫማ ዓመት አይዘልቅም» ይላሉ ነጋዴውን ሲገላምጡ። ዘለቀ ማለት በዚህ በኩል ገብቶ በዚያ በኩል ወጣ ማለት ነው፤ መሐል ላይ አልቀረም። እኔም ዛሬ ማታ ቃሉን በእናቶቻችን ትርጉም ነው የምወስደው። አንድ ባቡር፣ አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ባጃጅ ጭሱ አነስተኛ ሊሆን ይችላል፤ በአምስተኛ ዓመቱ ቆሞ ሣር ከበቀለበት ግን ዘላቂ ነው ብሎ ማን ይፈርማል?

የእናቴ ወንድም እዚህ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ልጅ ሆኜ ምሳ ይዤለት ስሄድ፣ የተሰበረ ብረት በአንድ በር ገብቶ በሌላው በር አዲስ ሆኖ ሲወጣ አይቻለሁ። እጁ ዘይት ጠገብ ነበር፤ ፈረንሳይኛው ደግሞ በመሣሪያ ስም ብቻ የተሞላ። «ማንኪያ» በፈረንሳይኛ ምን እንደሚባል አያውቅም፤ የመፍቻውን ቁጥር ግን እንደ ፓሪስ ልጅ ይጠራዋል። ይህች ከተማ ሶማሊኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ አማርኛውን፣ ሐረሪኛውንና ዐረብኛውን የምትደባልቀው በገበያ ብቻ አይመስለኝም። አንድን ሎኮሞቲቭ ለማስነሣት አምስት ቋንቋ ተናጋሪዎች አንድ ብሎን ላይ ሲጎነበሱ ነው ድሬ ድሬ የሆነችው።

አሮጌውን ባቡር ለማቆንጀት አልመጣሁም። በጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ሞቶበታል፤ በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው እሱ ነው። ኮንትሮባንድ ተሸክሟል፣ ጎርፍ ድልድዩን እየወሰደበት ለሳምንታት ቆሟል፣ በመጨረሻ ዘመኑም ከእግረኛ ብዙ አይፈጥንም ነበር። ነገር ግን 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ዘጠና ዓመት ያህል አገልግሏል። ያገለገለውም በድልድዮቹ ጥንካሬ ብቻ አልነበረም፤ የሚጠግነው ሰው በሐዲዱ መሐል፣ እዚህ፣ ከነቤተሰቡ ይኖር ስለነበር ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበር። መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ለዛሬ ተጓዥ ይህ ቅጣት ነው። ለድሬዳዋና ለአዋሽ ግን እንጀራ ነበር። ያደረ መንገደኛ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል፣ ሲነሣም ለልጁ ብርቱካን ይገዛል። አዋሽ ያለው የጣቢያው ቡፌ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። ባቡሩ በየቁጥቋጦው ሥር ይቆም ስለነበር በየመቆሚያው ወተት ያዢ፣ እንቁላል ያዢ፣ ከሰል ያዢ ሴቶች ተሰለፉ። ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አይሻ የባቡር ፉጨት ሰዓት የሆነላቸው ከተሞች ናቸው። ባቡሩ ሲዳከም መጀመሪያ የደከሙትም እነሱ ነበሩ። አንድ መጓጓዣ ለአካባቢው ምን ጠቀመ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ፍጥነቱን ብቻ ቢለካ ግማሹን ሒሳብ ይስታል፤ የት የት እንደሚቆምም መቁጠር አለበት።

አሁን ትንሽ ፊዚክስ። አትሽሹኝ፣ አጭር ነው።

ጋሪ በአስፋልት ላይ ግፉ፤ ቀጥሎ ያንኑ ጋሪ ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ አውርዱት። ልዩነቱን ክንዳችሁ ይነግራችኋል። በሐዲድ ላይ ያለ የብረት መንኮራኩርና በአስፋልት ላይ ያለ የመኪና ጎማም እንደዚያው ይለያያሉ። ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ይጨመቃል፣ ይለጠጣል፣ ይግላል። ከጅቡቲ የመጣ ተሳቢ ማደያ ሲገባ ጎማውን ንኩት፤ እጃችሁን የሚፋጀው ሙቀት የተቃጠለ ናፍጣ ነው። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል ይህ ብክነት እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ያንኑ ኩንታል ያንኑ ርቀት ለማድረስ ባቡር ከመኪና የሚፈልገው ጉልበት በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው፤ ሞተሩ በናፍጣም ቢሠራ በመብራት።

በዚህ ላይ የእኛ አገር ዳገት አለ። ከባሕር ጠረፍ እስከ አዲስ አበባ 2300 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። አንድ ቶን ዕቃ ይህን ከፍታ ለማንሣት ብቻ፣ ሰበቃውንና ነፋሱን ሳንቆጥር፣ ከ6 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ጉልበት ይጠይቃል። በጥሩ የናፍጣ ሞተር ቢሰላ ለእያንዳንዱ ቶን ወደ አንድ ሊትር ተኩል ይሆናል። አሁን ቦቴውን አስቡት። ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን ነዳጅ ከውጭ ነው የምታስገባው፤ ለዚህም በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይወጣል። ያ ነዳጅ በቦቴ ተጭኖ ዳገቱን ይወጣል፤ ቦቴው ናፍጣ ለማምጣት ናፍጣ ይጠጣል፤ ባዶውን ለመመለስም ሌላ ናፍጣ ይጠጣል። ውኃ በወንፊት ባይሆንም በሚያንጠባጥብ እንስራ መቅዳት ነው።

በሌላ በኩል የመብራታችን ምንጭ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው። በጳጉሜን 2017 የተመረቀው የዓባይ ግድብ ብቻውን 5150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ናፍጣ በዶላር ይገዛል፤ ውኃውን ግን ክረምት ያመጣልናል። በመብራት የሚሄድ ባቡር ለኢትዮጵያ ከአካባቢ ጥበቃ በፊት የኪስ ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው። ስለ ዓለም ሙቀት ግድ የማይሰጠው የገንዘብ ሹም እንኳ ሒሳቡን ሠርቶ እዚሁ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ሲመረቅ ብዙዎቻችን እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብን። 750 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ፣ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪ፣ አብዛኛውም ከቻይና የተወሰደ ብድር ነበር። መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2010 ነው። በዚያው ዓመት ብድሩ በአሥር ዓመት ይከፈል የተባለው ወደ ሠላሳ ዓመት ተራዘመ፤ ይህ ብቻ ብዙ ነገር ይናገራል። ዛሬም አብዛኛው የወደብ ጭነት የሚገባው በጎማ ነው። ለምን?

አንድ መልስ ብቻ የለውም። መብራት ይቋረጣል። ሐዲዱ በብዙ ቦታ አጥር ስለሌለው ግመልና ከብት ይገባበታል፤ ባቡር አንድ ግመል ሲገጭ ለኩባንያው የካሣ ጉዳይ ነው፣ ለባለግመሉ ግን የባንክ ደብተሩ ነው የተገጨው። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሰርቁ አሉ። ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ ወጣ ብለው ስለተሠሩ ዕቃውም ሰውም እንደገና መኪና ይፈልጋል። ከመርከብ ወደ ባቡር፣ ከባቡር ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ መጋዘን ሲባል፣ በእያንዳንዱ ማራገፍ ወዛደር ይከፈላል፣ ጆንያ ይቀደዳል፣ ቀን ይሄዳል። ነጋዴው ደግሞ ሒሳብ ያውቃል። መኪናው ከወደብ አንሥቶ መጋዘኑ በር ድረስ ካመጣለት፣ ስለ ብረትና ጎማ ፊዚክስ ብትሰብኩት አይሰማችሁም።

ጫት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ምሳሌው የማይገባው ሰው የለምና። አወዳይ ላይ የተጫነ ጫት በሰዓቱ ገበያ ካልደረሰ ቅጠል ብቻ ነው የሚሆነው። ለእሱ ከጉልበት ይልቅ ሰዓት ይወደዳል፤ አይሱዙዎቹ እንደ እብድ የሚበሩትና በየጊዜው ሰው የሚቀጥፉት ለዚህ ነው። ስንዴና ማዳበሪያ ግን አይጠወልጉም። 50 ሺህ ቶን ማዳበሪያ የጫነች አንዲት መርከብ ስትመጣ፣ አንድ ተሳቢ 400 ኩንታል ቢይዝ፣ 1250 የመኪና ምልልስ ያስፈልጋል። ፉርጎው 60 ቶን ይያዝና ባቡሩ 30 ፉርጎ ይጎትት ብትሉ በ28 ጉዞ ያልቃል። ሁሉም ነገር በባቡር ይሂድ የሚል ሰው ካገኛችሁ ጫት ነጋዴ አያውቅም። ሁሉም ነገር በመኪና ይምጣ የሚላችሁ ደግሞ የመኪና ባለቤት ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ባቡሩ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ነው። ሽቅብ ሲመጣ ስንዴ፣ ማዳበሪያ፣ ብረት፣ ኮንቴይነር ጭኖ ያቃስታል። ቁልቁል ሲወርድ ፉርጎዎቹ በአብዛኛው ባዶ ናቸው። ወደ ውጭ የምንልከው ቡና፣ ሰሊጥ፣ ጥራጥሬ ዋጋ ቢኖረውም በክብደት ከምናስገባው ጋር አይወዳደርም። ባዶ የወረደው ባቡር ወጪ የትም አይጠፋም፤ ተመልሶ ስንዴው ላይ ይጫናል፣ ከስንዴው ወደ ዳቦው፣ ከዳቦው ወደ እናንተ ኪስ ይመጣል። ስለዚህ እዚህ ድሬዳዋ የሚተከል ፋብሪካ፣ ዕቃው ወደ ወደብ የሚወርድ ከሆነ፣ ለባቡሩ እንደ ነዳጅ ነው። በነሐሴ 2014 የተመረቀውን ነፃ የንግድ ቀጠና ሰው የሚያየው በሥራ ዕድል በኩል ነው፤ ትክክል ነው፣ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ባዶ ፉርጎዎቹን ነው የማስበው። ልማቱ ባቡሩን ይመግበዋል፣ ባቡሩም ልማቱን። አንዱ ከጎደለ ሌላው ይራባል።

ሁለተኛው የባቡር ምግብ ጥገና ነው። እዚህ ላይ ወደ አዲስ አበባ ላውጣችሁ።

በመስከረም 2008 የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር አገር ጉድ አለ። 34 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር፣ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ፣ 41 ባቡሮች። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ። ትኬቱ በ2፣ በ4 እና በ6 ብር ነበር። ጭስ የለውም፣ ፈጣን ነው፣ ለድሃ ኪስ የሚሆን ነው። በወረቀት ላይ ከዚህ የበለጠ ዘላቂ ነገር አይገኝም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ባቡሮቹ አንድ በአንድ መቆም ጀመሩ፤ ከ41ዱ የሚሠሩት ጥቂቶቹ ብቻ ሆኑ። መንኮራኩር ያልቃል፣ ፍሬን ያልቃል፣ መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው። ቋጠሮው እዚህ ላይ ነው፦ ገቢው በብር፣ መለዋወጫው በዶላር። ትኬቱ በረከሰ ቁጥር ተሳፋሪው ይበዛል፤ ተሳፋሪው በበዛ ቁጥር መንኮራኩሩ ይበላል፤ ለመንኮራኩሩ ደግሞ ዶላር የለም። ትኬቱ ይወደድ ማለቴ አይደለም። የከተማዋ ሰው ግማሽ ያህሉን ጉዞ በእግሩ የሚሄደው ለጤናው ብሎ አይደለም፤ አቅም አጥቶ ነው። ለአንዲት ልብስ አጣቢ በሁለት ብርና በአሥር ብር መካከል ያለው ልዩነት ሥራ መሄድና አለመሄድ ነው።

እንግዲህ ጉድለቱን ማን ይሙላ? የመንግሥት ድጎማ እንዳይባል ካዝናውም ብር እንጂ ዶላር አያትምም። እኔ የማምንበት መልስ የአጎቴ ቶርኖ ነው። የባቡርን መንኮራኩር የሚያክል ነገር እዚህ ማምረት ቀላል ነው ብዬ አላሞኛችሁም። የፍሬን ሸራ፣ ቡሽንግ፣ ወንበር፣ መስታወት፣ የበር መቆለፊያ፣ የሽቦ መያዣ ግን የጠፈር ሳይንስ አይደሉም። ለመለዋወጫ ከሚወጣው ዶላር እዚህ ሊቀር የሚችለው እያንዳንዱ ሳንቲም የአንድ ቴክኒሻን ደሞዝ ነው። ጥገናን እንደ ወጪ የሚያይ የበጀት ሰው አለ፤ እኔ ኢንዱስትሪ ነው እላለሁ። በግንቦት 2016 የቻይና ኩባንያዎች የጅቡቲውን መስመር ሥራ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች ሲያስረክቡ፣ ለእኔ ከምረቃው ቀን የበለጠ ቀን ነበር። በምረቃው ሪባን የቆረጠውን ማንም አያስታውስም፤ መፍቻውን የተረከቡት ልጆች ግን እነማን እንደሆኑ ይታወቃል።

ወደ መኪኖቹ እንምጣ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ለሕዝብ እንደራሴዎች ሲያስታውቁ፣ ኢትዮጵያ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ጎረቤቶቻችን ገረማቸው፣ አውሮፓውያን ቀኑብን፣ የመርካቶ መለዋወጫ ነጋዴ ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪና እንደገባ መንግሥት ይናገራል። ውሳኔው በምንዛሪ በኩል ትክክል ነው፤ የምከራከረውም ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ቦሌ መንገድ ላይ የቆመ የኤሌክትሪክ መኪና ሰልፍ ያው ሰልፍ ነው። ጭሱ ባይኖርም አንድ ሰው ብቻውን አምስት ሰው የሚይዝ ቆርቆሮ ይዞ መቆሙ አልቀረም፤ ከኋላው ያለው 12 ሰው የጫነው ሚኒባስም አብሮት ቆሟል። የመኪና ቀረጥ ቅናሽ የሚያገኘው መኪና መግዛት የቻለው ነው። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና አምፖል ባላበራበት አገር ቅድሚያው ለአውቶቡስ፣ ለሚኒባስና ለባጃጅ ቢሆን ኖሮ፣ እያንዳንዱ ባትሪ ስንት ሰው ባንቀሳቀሰ!

ስለ ባጃጅ ካነሣሁ ዘንድ፣ ዛሬ ከሰዓት ከመጋላ ወደ ከዚራ ሰፈር ያመጣኝን የባጃጅ ልጅ ጠይቄው ነበር። «በኤሌክትሪክ የሚሄድ ቢመጣልህ ትቀይራለህ?» አልኩት። መስታወቱ ውስጥ አየኝና «አቦ ጋሼ፣ ቤንዚን ተሰልፌ ማደር ሰልችቶኛል፣ ነገ እቀይራለሁ» አለኝ። ጥቂት ሄዶ ግን ፍጥነቱን ቀነሰና «ሲበላሽ ማን ይሠራልኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። የቤንዚኑን ባጃጅ እሱ ራሱ መንገድ ዳር ፈቶ ይገጥማል። ካርቡራተሩን በጥርስ ብሩሽ ያጥባል። ባትሪ ግን የተዘጋ ሣጥን ነው፤ ሲሞት የባጃጁን ዋጋ ትልቅ ድርሻ ይዞ ይሞታል። የድሬ ሙቀት ደግሞ ለሊቲየም ባትሪ ወዳጅ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ እየዋለና ትኩስ እንዳለ እየተሞላ ዕድሜው ያጥራል። ልጁ ባጃጁ የራሱ አይደለም፤ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያስገባል። አንድ ሳምንት ከቆመ የሳምንት እራቱ ነው የሚቆመው።

የእሱ ጥያቄ የብዙ ሚኒስቴር ሰነድ ያላነሣውን አነሣ። ይህችን ከተማ የሚያህል የባጃጅ አገር የለም፤ ሜዳ ናት፣ ርቀቱ አጭር ነው፣ ለኤሌክትሪክ የተመቸች ናት። የጎደለው ባትሪ የሚመረምር፣ የሞተውን ሴል ነጥሎ የሚቀይር፣ በጥላ ሥር የሚሞላ፣ ለባለባጃጁም ባትሪውን በብድር ሳይሆን በኪራይ የሚሰጥ ሰው ነው። ጎሚስታው፣ ኤሌክትሪሲያኑ፣ የባትሪ አሳዳሹ በየጥጉ አሉ። አሮጌው ወርክሾፕም ከነቶርኖዎቹ እዚህ አለ። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎችን እዚያ አስገብቶ ከመንኮራኩር እስከ ባትሪ ማስተማር የሚጠይቀው ገንዘብ ከአንድ ኪሎ ሜትር አስፋልት ዋጋ ጋር የሚተካከል አይመስለኝም። ይህን ለሹማምንት ስናገር ይስማሙና ስለ አስፋልት ማውራት ይቀጥላሉ። አስፋልት ይመረቃል፤ ጥገና አይመረቅም።

የመጨረሻው ነገሬ ዛፍ ነው፤ ከርዕሱ የወጣሁ እንዳይመስላችሁ።

የከዚራን ሰፈር የነደፉት የባቡሩ ሰዎች መንገዱን ቀጥ አድርገው ሲያበጁ ግራና ቀኝ ዛፍ አስተከሉ። ለውበት ይሁን ለራሳቸው ሙቀት መሸሻ አላውቅም። ውጤቱ ግን ይኸው ዛሬም አለ፦ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ሰው ከዚራ ውስጥ በእግሩ ይሄዳል። ዛፍ በሌለበት ሰፈር ለአራት መቶ ሜትር ባጃጅ ይጠራል። ያው ሰው ነው፣ ያው እግር ነው፣ ያው ኪስ ነው፤ ጥላው ብቻ ነው የተለያየው። በየከተማው የብስክሌት መሄጃ እየተባለ ቀለም ይቀባል፤ ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት ለምን እንደበዛ ሲጠየቅ «ሜዳ ስለሆነች» ይባላል። ድሬም ሜዳ ናት። ባሕር ዳር ግን ከሜዳው ሌላ የሐይቅ ነፋስና የዘንባባ ጥላ አላት። በእኛ ፀሐይ ጥላ የሌለው የብስክሌት መንገድ ምጣድ ነው፤ የምትጋልበውም ልጅ ቂጣ ሆና ነው የምትደርሰው።

ጥላ ከትራንስፖርት ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ነው። መለዋወጫው ከውጭ አይመጣም፣ ዶላር አይጠይቅም፣ ጥገናውም መቁረጥ የሚያውቅ አንድ አትክልተኛና ውኃ ነው። ከመሐል ከተማ ወደ አዲሱ ባቡር ጣቢያ የሚወስደውን መንገድ እስቲ ነገ ከሰዓት በእግራችሁ ወይም በብስክሌት ሞክሩት፤ ባርኔጣ ያዙ። በዚያ መንገድ ዳር በዚህ ክረምት ችግኝ ቢተከልና በበጋው ውኃ ቢጠጣ፣ ስድስት ሰባት ዓመት ቆይቶ አንድ ሰው ሻንጣውን ይዞ ከሥሩ ያርፋል። የዛሬው ባጃጅ ባትሪ እስከዚያ ቢያንስ አንዴ ተቀይሯል። እኔ ለከተማው አስተዳደር ያቀረብኩት ጥያቄ ስለ አሥር ሺህ ችግኝ አይደለም፤ አሥር ሺህ ሲባል ፎቶ ይነሣና ፍየል ይበላዋል። የጠየቅሁት መቶ ችግኝና አንድ ጠባቂ ነው። የጠባቂው ደሞዝ እስካሁን በጀት አልተገኘለትም።